የብቻ ሲኒያ

ዴኒስ በወጥ ቤቱ በር አንገቱን አስግጎ "አንድ ሲኒያ ለብቻው አውጪ" ሲላት፣ ሳጂዳ ትኩሱን የፍየል ሥጋ ሩዝ ከጎላው ወደ ሰፋፊዎቹ ሲኒያዎች እየገለበጠች ነበር። ጭልፋውን እንደያዘች ቀጥ አለች።

"ለማን ነው?" አለችው በስዋሂሊ።

"ለሁካና ለልጁ። ትንሿን፣ አበባ ያለባትን አድርጊው። ሥጋውን በዛ አድርጊበት። የክብር እንግዶች ናቸው።"

ይህን ብሎ ጥርሱን ብልጭ አደረገላት። ዴኒስ ክፉ ሰው አይደለም ይላሉ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች። እውነት ነው፤ አይጮህም፣ አይሳደብም፣ የሠራተኛ ልደት አይረሳም። ከናይሮቢ ተመድቦ በኬንያ በኩል ያለውን የሞያሌ ቢሮ መምራት ከጀመረ ወዲህ የተማረው ትልቁ ነገር፣ ማንንም ሳያስቀይሙ ቀኑን ማምሸት ነው። እንዲህ ያለ ደግ ሰው የሚያደርሰውን በደል ተሳዳቢ አያደርሰውም።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው አንድ ሲኒያ መጨመር ምንም ማለት አይደለም። ሲኒያ ያው ሩዝ የሚቀርብበት ሰፊ የብረት ትሪ ነው። በዚህ አካባቢ ግን ሰው ከማን ጋር እንደሚበላ ይታያል። ሽማግሌዎች ሲያስታርቁ፣ ግመል ሲሸጥ፣ ልጅ ስትዳር፣ ነገሩ አለቀ የሚባለው የሁሉም እጅ አንድ ሲኒያ ላይ ሲገናኝ ነው። ከአንድ ሲኒያ የበላ ሰው አብሮት ለበላው ሰው ዋስ ሊሆን ይችላል። ካልበላ ግን ለሰውየው ዋስ ሁን ብሎ የሚጠይቀውም የለ። ሳጂዳ ይህን ስለምታውቅ፣ የአበባዋ ሲኒያ ከመደርደሪያው ሳትወርድ የሁካ ሴት ልጅ ጉዳይ እንዳበቃለት ገባት።

መሥሪያ ቤቱ ለአርብቶ አደር ልጃገረዶች የትምህርት ዕድል የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ድርጅት ነው። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስምንት ዓመት፣ ከባሕር ማዶው ዋና መሥሪያ ቤት "ብዝኃነትና አካታችነት" የሚባል አዲስ መመሪያ ወረደ። ከመመሪያው ጋር "ማንም አይቀርም" የሚል ትልቅ ጨርቅ መጣና ግቢው በር ላይ ተሰቀለ። ቲሸርት መጣ። ለአካል ጉዳተኞች ተብሎ ከቢሮው ደረጃ ጎን የሲሚንቶ መወጣጫ ተሠራ፤ ጄኔሬተሩ የሚቆመው እሱ ላይ ነው። በመጨረሻ መመሪያውን የምታስፈጽመው ሜርሲ ራሷ ከናይሮቢ መጣች። ይዛው የመጣችው መርሐ ግብር "የአንድ ማዕድ ሰዓት" ይባላል። ልዩ ልዩ ወገኖች ከአንድ ሳህን በልተው ይቀራረባሉ ይላል። ይህን የጻፈው ሰው ሞያሌን በካርታ እንኳ ያያት አይመስልም።

የዛሬው ምሳ ታዲያ ለዚሁ ነው። ናይሮቢ አጠገብ ባለ አንድ ዓለም አቀፍ አዳሪ ትምህርት ቤት እስከ መጨረሻው የምትማር አንዲት ልጅ ከዚህ አካባቢ ትሄዳለች። ከሞያሌ እስከ ኡራን በየመንደሩ ከተፈተኑት ሁሉ አንደኛ የወጣችው ሻሚ ናት፣ የበር በያጁ የሁካ ልጅ። ፈተናውን ያረሙት እዚያው ናይሮቢ ነውና ስሟን ማንም ሊያወርደው አልቻለም። የቀረው አንድ ነገር ነው። በድርጅቱ ደንብ፣ የምትመረጠው ልጅ በከተማው ውስጥ ከገዛ ወገኗ ዋስ ያስፈልጋታል፤ ብትታመም የሚጠራ፣ ብትጠፋ የሚጠየቅ፣ ደሞዝ ወይም ከብት ያለው ሰው፤ አባትና እናት ሳይቆጠሩ። ለሌሎቹ ልጆች ይህ ችግር ሆኖ አያውቅም። የአካባቢው አምስቱም ጎሳዎች በመራጩ ኮሚቴ ውስጥ ሽማግሌ ስላላቸው፣ ሽማግሌው ለጎሳው ልጅ እጁን ያነሳል፣ አለቀ።

ሁካ ግን ቱምቱ ነው። ቱምቱ ማለት ዘሩ ብረት ቀጥቃጭ የሆነ ሰው ነው። ጦሩን፣ ቢላዋውን፣ የግመሉን ቃጭል ይሠራላቸዋል፤ ከብቱ የሚታረደው እሱ በሠራው ካራ ነው። አብሮት የሚበላ፣ ልጁን የሚያገባ፣ ከወተት ዕቃው የሚጠጣ ግን የለም። ሃይማኖት ነው እንዳይባል፣ የዛሬውን ፍየል ያረደው የመስጊዱ ሰው ነው፣ ማንም ጥያቄ አላነሳም። ለምን ብለው ቢጠይቋቸው "እንዲሁ ነው" ይላሉ። ድርጅቱ ሕዝብ ቆጥሮ የዕድል ብዛት ሲመድብ ሽማግሌዎቹ ቱምቱዎችን ከየጎሳቸው ደምረው አስቆጥረዋል። ዕድሉ ሲመጣ ግን ቱምቱ ወገኔ ነው የሚል ጠፋ።

ሳጂዳ ይህን ሁሉ ከሥልጠና አይደለም የተማረችው። ሁካ የአባቷ ታናሽ ወንድም ነው።

አባቷ በጉርምስናው ኡራን ላይ ወናፉን ጥሎ ሞያሌ ገባ። ሎሪ ላይ ጫኝ ሆነ፣ ቆይቶም ጎማ ነጋዴ። ከወዴት ነህ ሲሉት ድንበሩን አሻግሮ በእጁ ወደ ኢትዮጵያ ያሳያል። የመጣበትን ሄዶ ያጣራ ሰው አልነበረም። ሁካ ከዓመታት በኋላ ከነቤተሰቡ ወደ ከተማ ሲገባ ማንነቱን አልደበቀም፤ የወንድሙን ምስጢር ግን ጠበቀ። መንገድ ላይ ሲገናኙ እንደ ማንኛውም ደንበኛ "እንደምን አደሩ" ይባባላሉ። አባቷ ሲሞት ሁካ ቀብር ላይ ከኋላ፣ ከጫኞቹ ጋር ቆሞ ነበር። ልጁ ሻሚ እንኳ ሳጂዳን "አንቲ" የምትላት እንደ ማንኛዋም የቢሮ ሴት ነው።

ሳጂዳ ባል አላት፣ ሻሪፍ፤ ከድንበሩ ማዶ ሸቀጥ የሚያመጣ ደህና ነጋዴ ነው። አማቷ ፋዱሞ ከእነሱ ጋር ትኖራለች፤ የሳጂዳን ዘር ሁለቱም አያውቁም። ፋዱሞ የሳጂዳን ሁለት ልጆች ጀርባዋ ላይ ያሳደገች፣ ሳጂዳ ስትታመም ሌሊቱን ሙሉ የምትቀመጥ ሴት ናት። እሷው ፋዱሞ፣ የግቢያቸውን በር ሊበይድ የመጣ ቱምቱ ሠራተኛ ውሃ የጠጣበትን ኩባያ ከቤት አውጥታ ጥላዋለች። ኩባያው አዲስ ነበር።

"ዴኒስ፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?" አለችው ሳጂዳ ጭልፋውን አስቀምጣ። "ሁካ ከሽማግሌዎቹ ጋር ካልበላ ለልጁ ዋስ አይገኝም። ልጅቷን አስወጣሃት ማለት ነው።"

"ማንም ማንንም አላስወጣም። ያሳሰበኝ ምዜ ዋሪዮ ራሱ ነው። እነሱ አብረው ከቀረቡ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን አይሰዱም፣ እንግዳችሁ ፊት ታፍራላችሁ አለኝ። ምን ላድርግ? የሰው ባህል ነው። ባህል ማክበር ደግሞ መመሪያው ውስጥ አለ።"

"ልጅቷን የሚያስቀራት እኮ እሱው ባህል ነው።"

"ሳጂዳ፣ ሜርሲ የናይሮቢው የመኪና ኮንቮይ ሳያመልጣት መውጣት አለባት። እባክሽ ዛሬ ነገር አታንሺ። ሲኒያዋን ብቻ፣ ሳዋ፣ እሺ?"

ሄደ። ምዜ፣ ሽማግሌው፣ የሚሉት ዋሪዮ የኮሚቴው ሰብሳቢ ነው፤ ከብት ነጋዴ፣ አፈ ቅቤ፣ ባለ ነጭ ኮፍያ። ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ ልጅቷን የሚቃወም አንድ ቃል አልተናገረም። እንዲያውም አሞገሳት። "አስቀድመን አብረን እንብላ፣ ዋሱን ከዚያ እንጨርሳለን" ነበር ያለው፣ ሳጂዳም ራሷ ተርጉማዋለች። ሁለተኛ የወጣችው ልጅ የወንድሙ ልጅ ናት። አንድም እጅ ሳይነሳ፣ አንድም ክፉ ቃል ሳይወጣ፣ ነገሩ በአንዲት አበባ ባለባት ትሪ ሊያልቅ ነው።

ሽንኩርት ስትከትፍ የቆየችው አሰገደች ቀና አለች። ከማዶ፣ ከኢትዮጵያ በኩል እየመጣች ለእንግዳ ቀን የምታበስል ሴት ናት፤ ስዋሂሊ ባይገባትም የሲኒያዋ ነገር ገብቷታል።

"ለዚያ ለበር ሠሪው ነው?"

"አዎ፣ እትዬ አሰገደች።"

"እኔ እናቴ ከሸክላ ሠሪዋ ቤት ውሃ አትቀምስም ነበር። ውሃውን የምታኖርበትን እንስራ ግን ከእሷው ነው የምትገዛው። ልጅ ሆኜ ለምን ስላት በጥፊ አለችኝ።" ቢላዋዋን በመቀነቷ ጠረገች። "ስጪኝ፣ እኔ ልውሰደው። አንቺ ፊትሽ ልክ አይደለም።"

ሳጂዳ እምቢ አለች። ትንሿን ሲኒያ ራሷ ሞላች፤ ሥጋውንም አበዛችበት፣ ዴኒስ እንዳዘዘው። ዲፕሎማ ይዛ "የፕሮግራም ረዳትና አስተርጓሚ" ተብላ የተቀጠረች ሴት፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር አሳላፊ የምትሆንበት ቢሮ ነው። ስለ አካታችነት ሊያወሩ የሚመጡትን ሁሉ ስታበላ ኖራለች።

ግቢው ውስጥ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣ ምንጣፍ ተነጥፏል። አምስቱ ሽማግሌዎች ከበው ተቀምጠዋል። ሁለተኛ የወጣችው የወንድሙ ልጅ ደግሞ ከምዜ ዋሪዮ ኋላ፣ አዲስ ሻርፕ ለብሳ። ሁካ ከምንጣፉ ጠርዝ ላይ ነው። ለብየዳ የሚለብሰውን ካኪ አውልቆ፣ ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ ኮት ደርቧል፤ እጅጌው አጭር ስለሆነበት በእሳት ፍንጣሪ የተበሳሳው ክንዱ ይታያል። ሻሚ በትምህርት ቤት ዩኒፎርሟ አጠገቡ ተቀምጣለች፣ ጉልበቷን አቅፋ። ትልቁ ሲኒያ ሽማግሌዎቹ መካከል ሲቀመጥ፣ አባትና ልጅ ጠጋ ለማለት ገና ሲነሱ፣ ዴኒስ ማይክሮፎኑን አነሳ።

"ዛሬ በመካከላችን ሁለት ልዩ እንግዶች አሉ" አለ። "ለእነሱ የተለየ ነገር አዘጋጅተናል።"

ቀድሞ ያጨበጨበው ምዜ ዋሪዮ ነው። ሌሎቹ ተከተሉት። ሁካ በግማሽ እንደተነሳ ቆሞ ቀረ፤ ከዚያ ነገሩ ገባውና ተመልሶ ተቀመጠ። ሳጂዳ ሲኒያዋን ፊቱ ስታስቀምጥ ቀና ብሎ አላያትም።

ሜርሲ ካሜራዋን ይዛ እየሮጠች መጣች። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ቅን ሴት ናት፤ ትናንት ሻሚን አቅፋ አልቅሳለች። "ይህ ለእነሱ ልዩ ክብር መሆኑን ንገሪያቸው" አለቻት ለሳጂዳ በእንግሊዝኛ። "ከሁሉም ይበልጥ የተገፉት እነሱ ስለሆኑ ዛሬ ከሁሉም በፊት እነሱ መሆናቸውን።"

ሁካ በወጣትነቱ ማዶ ጋራዥ ሲሠራ የለመደው አማርኛ አለው። ሳጂዳም ሽማግሌዎቹ በሙሉ እንዳይሰሟት በአማርኛ ነገረችው።

"ለእናንተ ክብር ነው ትላለች።"

"አመስግኚልን፣ እህቴ" አላት።

እህቴ። በልጅነቷ፣ አባቷ በምስጢር ኡራን በወሰዳት ጊዜ፣ ትከሻው ላይ አስቀምጦ ወደ ውሃው ጉድጓድ ያወረዳት ሰው ነው። ሻሚ እጇን ከጉልበቷ አላነሳችም። "አባባ፣ አልበላም" አለች በኦሮምኛ፣ ቀስ ብላ። ሁካም እንደዚያው ቀስ ብሎ "ብይ፣ ሰው እያየ ነው" አላት። ካሜራው ቀጭ፣ ቀጭ አለ። ሜርሲ በምልክት፣ ጣቷን ከንፈሯ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ ፈገግ በይ አለቻት።

ሽማግሌዎቹ በትልቁ ሲኒያ ላይ እጃቸውን ሰደው፣ ሩዙን በጣታቸው እያድቦለቦሉ፣ ስቡ በክርናቸው እየወረደ ይበላሉ። አንዱ አጥንት እየጋጠ ወደ ትንሿ ሲኒያ አሻግሮ አየና ሌላው ጆሮ ላይ አንድ ነገር ጣል አደረገ፤ ሁለቱም ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ቆሻሻ ሳቅ ነበር። በሁካ እጅ የተሠራ ካራ ያንን ሥጋ ሲቆርጥ ያልተጸየፉ ሰዎች ናቸው። ሳጂዳ ተጸየፈቻቸው። ከእነሱም ይበልጥ የማይክሮፎኑን ገመድ አጠፍ አጠፍ አድርጎ የሚጠቀልለውን ዴኒስን ተጸየፈችው።

ሜርሲን ክንዷን ይዛ ወደ ኒሙ ግንድ ጀርባ ወሰደቻት።

"ክብር አይደለም" አለቻት። "አብረዋቸው ላለመብላት ነው የለዩአቸው። እዚህ አገር አብሮ ያልበላ ሰው ዋስ አያገኝም። ዋስ ከሌላት ደግሞ በእናንተው ደንብ ዕድሉ ከሻሚ ይወሰዳል። አሁን፣ እዚሁ፣ ፊትሽ እየሆነ ነው።"

ሜርሲ ካሜራዋን ዝቅ አደረገች። ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ፤ ሳጂዳም ለአፍታ ተስፋ አደረገች። ሜርሲ ሄዳ ዴኒስን በሹክሹክታ አነጋገረችው። ዴኒስ ሰዓቱን አሳያት፣ ወደ ሽማግሌዎቹ አሳያት፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ረጅም ነገር አስረዳት። ስትመለስ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"በጣም ነው ያዘንኩት" አለች። "ግን ከውጭ መጥቼ ማኅበረሰቡን ላስገድደው አልችልም፣ ትክክል አይሆንም። በሪፖርቴ ውስጥ እንደ ተግዳሮት በደንብ አሰፍረዋለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ለዚህ ወገን የተለየ ፕሮግራም እንቀርጻለን።"

"የተለየ?"

"አዎ። ለእነሱ ለብቻቸው የተዘጋጀ።"

ሳጂዳ ልትስቅ ምንም አልቀራት። እንባው እውነተኛ መሆኑ ነው የባሰውን ያስጠላት። ብታስመስል ኖሮ ይሻል ነበር።

ወደ ምንጣፉ ስትመለስ ምዜ ዋሪዮ ጣቱን እየላሰ ተነስቷል። የሚናገረውን ለሜርሲ እንድትተረጉም ሳጂዳን በእጁ ጠራት። ፈጣሪን ስላበረከተው ምግብ አመሰገነ፣ ድርጅቱን አመሰገነ፣ ስለ ሴት ልጅ ትምህርት ጥቅም ጥቂት ተናገረ። ከዚያ ስለ ሻሚ ጀመረ። ጎበዝ ልጅ መሆኗን፣ ሽማግሌዎቹ አንዳች ተቃውሞ እንደሌላቸው፣ እንዲያውም ቢሆን ደስ እንደሚላቸው። ደንቡ ግን ዋስ ከገዛ ወገኗ ይላል፤ ደንቡን ያወጣው ደግሞ ድርጅቱ ነው እንጂ እነሱ አይደሉም። ሳጂዳ ቃል በቃል ተረጎመች። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ይሸቱ ነበር።

ምዜ ዋሪዮ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አያቸው። አንዱ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ነው፤ ሌላው ኒሙን ያያል። ኤሌማ የሚባለው፣ ከሁሉም በዕድሜ ገፋ ያለው፣ ሊናገር አፉን ከፍቶ ሳል አመለጠውና ተወው። ምዜ ዋሪዮ ወደ ሁካ ዞረ።

"በዚህ ከተማ፣ ደሞዝ ወይም ከብት ያለው ወገን አለህ?" ሲል በኦሮምኛ ጠየቀው። ድምፁ የዘመድ ድምፅ ነበር፣ ለስላሳ።

ሁካ እጆቹን አየ። ልጁን አየ፤ ሻሚ ደግሞ እሱን። መልስ ካጣ ያ ሁሉ ሌሊት በኩራዝ ያጠናችው ነገር ውሃ እንደሚበላው ታውቃለች። ሁካ ከዚያ ዓይኑን ወደ ግቢው በር ላከ፣ "ማንም አይቀርም" ወደሚለው ጨርቅ። ሳጂዳ በስተቀኙ ቆማለች፣ ቢጠራት የሚደርስባት ቦታ ላይ። ወደ እሷ በኩል ግን ዓይኑን አንዴም አላዞረም።

"የለኝም" አለ።

ሳጂዳ እፎይ አለች። ከማሰቧ በፊት ደረቷ ውስጥ የታመቀው ነገር ፍስስ ሲል ተሰማት፤ ፋዱሞ ቤታቸው በር ላይ ተቀምጣ፣ ልጆቹ ጭኗ ላይ፣ ሁሉም እንደነበረ፣ ማንም ምንም ሳይሰማ ታያት። ደስ አላት። ደስ እንዳላት ባወቀች ጊዜ ደግሞ ያ ከጠዋት ጀምሮ በሌሎች ላይ ሲነሳባት የዋለው ጥላቻና መጸየፍ ተመልሶ ወደ ራሷ መጣ። ከዋሪዮ በምን ትሻላለች? ዋሪዮስ ለገዛ ወንድሙ ልጅ ነው። እሷ የገዛ አጎቷን ልጅ አፏ ላይ ባለው ቃል ልትቀብራት ነው።

"ምን አለ?" አለቻት ሜርሲ ብዕሯን ይዛ።

ምንጣፉ ጫፍ ላይ፣ እንግዶቹ ሲገቡ የታጠቡበት ማንቆርቆሪያ ነበር። ሳጂዳ አነሳችና ለዴኒስ ሰጠችው።

"እጄን አስታጥበኝ።"

"እኔ?"

"አንተ። አፍስስ።"

ዴኒስ ግራ ገብቶት ሜርሲን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ አፈሰሰ። ሳጂዳ በእርጋታ ታጠበች፤ ውሃው ጫማው ላይ ተንጠባጠበ፣ ግድ አልሰጣትም። ጫማዋን አወለቀችና ከምንጣፉ ጠርዝ፣ በሁካና በሻሚ መካከል፣ ትንሿ ሲኒያ ፊት ተቀመጠች። ሩዙ ቀዝቅዟል፣ ስቡም ረግቷል። ዘግና ጎረሰች። ግቢው ውስጥ ይሰማ የነበረው የማኘክ ድምፅ አቆመ።

"ሳጂዳ" አለ ምዜ ዋሪዮ፣ አሁን በአማርኛ፣ ሰው እንዳይሰማበት የፈለገ ይመስል ጎንበስ ብሎ። "ምን እያደረግሽ ነው? ተነሺ። ባለቤትሽ የተከበረ ሰው ነው።"

"ከአጎቴ ጋር ምሳ እየበላሁ ነው፣ ምዜ" አለችው ሁሉም እንዲሰማ በኦሮምኛ። "ሁካ የአባቴ ወንድም ነው፣ የአንድ እናትና አባት ልጆች። ደሞዝ አለኝ፤ የሚከፍለኝም ይኸው ቢሮ ነው። የሻሚ ዋስ እኔ ነኝ።" ቀና ብላ ሽማግሌዎቹን አየች። "የማይስማማ ካለ አሁን ይናገር፣ ለእንግዳዋ እተረጉምላታለሁ።"

ከዓመታት በፊት ሠርጓ ላይ ከአንድ ሲኒያ አብሯት የበላው ኤሌማ፣ የራሱን እጅ ገልብጦ አየው። ምዜ ዋሪዮ ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ሜርሲ ቃሉ ባይገባትም መልኩ ገብቷት ካሜራዋን አነሳች፤ ሳጂዳ ግን ሩዝ የያዘ እጇን ዘርግታ ከለከለቻት። ሜርሲም ቀስ ብላ አወረደችው።

ሻሚ አንዴ አባቷን፣ አንዴ ሳጂዳን እያፈራረቀች ታያለች። ሁካ ጭንቅላቱን አቀርቅሮ ነበር።

"ሳይመሽ ፋዱሞ ጆሮ ይገባል እኮ" አላት በመጨረሻ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

"ይግባ" አለችውና እንደገና ዘገነች።